አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው፦ የወጣት አስማተኞች ልብ ወለድና የወሎ አንባቢዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ወልዲያ ውስጥ ረጅም ምናባዊ ልብ ወለድ የሚወድ ወጣት ማግኘት አይከብድም። በተለይ አስማት ስለሚማሩ ልጆች የሚተርክ ከሆነ የገጹ ብዛት አያስፈራውም። አንዱ ቅጽ ሲያልቅ የቀጣዩ ፍለጋ ይጀመራል። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሽፋኑ እስኪገነጠል ይነበባል።

የእነዚህ ልብ ወለዶች አካሄድ ተመሳሳይ ነው። አንድ ልጅ አለ። ብዙ ጊዜ እናቱ ወይም አባቱ የሉም። ውስጡ ያለውን ኃይል ራሱ አያውቀውም። አንድ ቀን የሚያውቅለት ሰው ይመጣል። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ መምህር ጋ ይሄዳል። እዚያ ጓደኛ ያፈራል፣ ይቀናል፣ ይሳሳታል፣ የስህተቱን ዋጋ ይከፍላል። ከሁሉም ስሙ የገነነው የጄ ኬ ሮውሊንግ ሀሪ ፖተር ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1997 እ.ኤ.አ.፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው በ2007 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ለእኔ ግን ለወሎ ሰው የሚቀርበው ከዚያ በፊት የነበረው ነው። አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለ ጉዊን በ1968 እ.ኤ.አ. ኧርዝሲ ስለሚባሉ የምናብ ደሴቶች አንድ ልብ ወለድ አሳተመች። ጀግናው ጌድ ይባላል። ፍየል ጠባቂ ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞታበታለች። አክስቱ ፍየል ስትጠራ የሰማትን ቃል ይደግማትና ፍየሎቹ በሙሉ መጥተው ይከቡታል። ልጁ ጠይም ነው። ደራሲዋ ሆን ብላ ነው እንደዚያ ያደረገችው። ይህን መጽሐፍ የወሎ ገጠር ያደገ ልጅ ሲያነበው ቶሎ ራሱን ያገኝበታል። ፍየል መጥራትን እሱም ያውቀዋላ።

ፍቅሩ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ በመጀመሪያ የማነሳው ትምህርት ቤቱን ነው። ለሌላ አገር አንባቢ የአስማት ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ነው። ለወሎ ልጅ ግን ከቤት ወጥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ ጥልቅ እውቀት ያለው መምህር እግር ሥር መቀመጥ የአያቱ ታሪክ ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ይወጣል። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ በሰሜን ወሎዋ ዋድላ ስም ይጠራል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ ከደሴ በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ላይ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚያ ያስተምሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩበት ቦታ አንዱ ነው።

በሌላው በኩል የእስልምና ትምህርት የሚማረው ደረሳ አለ። ሉሁን፣ ማለትም የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳውን፣ ይዞ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ ይሄዳል። ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) እዚህ፣ ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) እዚያ። ዳና፣ ገታ፣ ጀማ ንጉሥ፣ ሾንኬ፦ እነዚህ ቦታዎች በየዘመናቸው ተማሪ ከሩቅ የሳቡ ናቸው። ሕዝቡ ደረሳውን ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። በወሎ አንድ ቤት ውስጥ የቆሎ ተማሪ የነበሩ አያትና ደረሳ የነበሩ ሌላ አያት ሊኖሩ ይችላሉ። ልጁ የሁለቱንም ታሪክ እየሰማ ያድጋል። ጌድ ሮክ ወደምትባለው ደሴት ለትምህርት ሲሄድ፣ ይህ ልጅ መንገዱን ቀድሞ ያውቀዋል።

በሮክ ዘጠኝ መምህራን አሉ። አንዱ የስም መምህር ነው። ለብቻው በተገለለ ግንብ ይኖራል። ሥራው ስም ማስጠናት ብቻ ነው። ተማሪዎቹ በየቀኑ ረጅም የስም ዝርዝር ይሰጣቸዋል። እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀለሙ ከብራናው ላይ ይጠፋል። ከዚያ በፊት መሸምደድ አለባቸው። ይህን ክፍል ያነበበ የግዕዝ ግስ ያጠና ሰው ምን እንደሚል አስቡት። «ይሄማ የኛው ነው» ነው የሚለው።

ወደ ስም ከመጣን አይቀር፣ የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነው። አስማት የሚለው ቃላችን ከግዕዝ የመጣ ነው። የስም ብዙ ቁጥር ነው። አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው። በኧርዝሲ ደግሞ የአስማት ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው፦ የነገሩን እውነተኛ ስም ያወቀ በነገሩ ላይ ኃይል አለው። ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ለመንደር የሚሆን መጠሪያ ነው። ሌላው እውነተኛው ነው፤ እሱን ነፍሱን ለሚያምነው ሰው ብቻ ይነግራል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ ብዬ ነበር። የክርስትና ስም በኛ ዘንድ ለማንም የሚነገር አልነበረም። ምክንያቱም መተተኛ በስም ይሠራል ይባላል። አንገት ላይ በሚንጠለጠለው ክታብ ውስጥ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል። ልፋፈ ጽድቅ የተባለው የጸሎት መጽሐፍ የፈጣሪን ኅቡዕ ስሞች ይደረድራል። የቆሎ ተማሪው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እንኳ የሚለምነው በስም ነው፦ ስለ ማርያም ስሟ ብላችሁ። በዐረብኛም ስሞች አስማእ ይባላሉ። አስማኡል ሑስና ሲባል 99ኙ የአላህ ስሞች ናቸው። ዱዓና ጥንቆላ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ እጅግ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ቋንቋዎች ስምን ከተራ ቃል በላይ አድርገው ያከብሩታል ማለቴ ነው። የወሎ አንባቢ ደግሞ በሁለቱም መሐል ነው ያደገው።

መልክዓ ምድሩም ያግዛል። የሐይቅን አፈ ታሪክ ውሰዱ። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች ይባላል። እግዚአብሔር ተቆጣና ዙሪያውን ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው። ሴትየዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ቀረ። ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ግሸንም አለች፣ በመስቀል ቅርጽዋ የታወቀችው አምባ። መስከረም 21 በዓል የሚነግሥባት ቦታ ድሮ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁባት ነበር። ወሬዋ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዛዊው ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ ግጥም ውስጥ የአበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት «የአማራ ተራራ» ተብላ ገባች። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 እ.ኤ.አ. በተራራ በተከበበ ሸለቆ ስለተዘጋበት የሐበሻ ልዑል ራሴላስ ጻፈ። ፈረንጅ ለምናቡ ወደ ወሎ ተራራ ያማትር ነበር ማለት ነው። የደሴ ልጅ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስ ቢለውም እውነቱን ነው።

መጽሐፉ እንዴት ይነበባል? የሚበዙት በእንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ይያዛል። ብዙዎች ከትምህርት ቤት ይልቅ በነዚህ መጻሕፍት እንግሊዝኛቸውን አሻሽለዋል። የታተመው ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም። ያለው አማራጭ ስልክ ነው። ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይላላካሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተጎድተዋል፣ ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህ የስልኩ ንባብ ይበልጥ በረታ። ወቅቱ ክረምት ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ይሸፍነዋል። ትምህርት ዝግ ነው። ጋቢ ተከናንቦ ከማንበብ ሌላ ምን አለ?

ከሁሉ የምወደው ግን ድጋሚ ትረካው ነው። እንግሊዝኛውን የሚችል አንዱ ያነብና ለማይችሉት ያወራል። ብዙ ጊዜ ቡና ላይ ነው። በአቦል ይጀምራል፣ ቶና ላይ ይሞቃል፣ በረካ ሲደርስ ልብ ሰቅሎ ያቆመዋል። የቀረው ለነገ። አክስቶች ሳይቀሩ «ያ ልጅ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለታሪኮቹም በመንገድ ላይ መልካቸው ይቀየራል። ዘንዶው ከሥዕል ቤቱ የጊዮርጊስ ዘንዶ ጋር ይዛመዳል። መንፈሱ ጅኒ ይሆናል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ያደገ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። በአማርኛ ደግሞ የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምስጢርና ገዳም ያለበት ረጅም ታሪክ በራሳችን ቋንቋ ስንት አንባቢ እንዳለው አሳይቷል።

አማርኛ ሲባል አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። በልብ ወለዶቹ ውስጥ አስማት የሚማሩትን ልጆች ምን እንበላቸው? ጠንቋይ የሚለው ወዲያው ገንዘብ እየበላ የሚዋሽ ሰው ያመጣል። መተተኛ ክፉ ነው። ደብተራ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነው፤ ሰው ቢያማውም ማዕረጉ የተከበረ ነው። ምትሃተኛ መድረክ ላይ ዓይን የሚያታልል ነው። አስማተኛ ይሻላል፣ ትርጉሙንም ላወቀ ውብ ነው፤ ለማያውቅ ግን ይከብዳል። እኔ ጠቢብ በሚለው እስማማለሁ። እጅም፣ እውቀትም፣ ትዕግሥትም አለበት። ጓደኞቼ ግን አስማተኛን አይለቁም። በዚህ ላይ ስንት ማታ አምሽተናል።

የቤተሰብ ስጋትም አለ፤ መናቅ የለበትም። እናት ልጇ ስለ አስማት 700 ገጽ ሲያነብ ብታይ ትደነግጣለች። ሲህር ሐራም ነው። መተትም ኃጢአት ነው። በወሎ እነዚህ ቃላት ጨዋታ አይደሉም፤ በነሱ የተጎዳ ሰው አለ ተብሎ ይታመናል። ጥሩ አንባቢ አይከራከርም። ታሪኩን ለእናቱ ያወራላቸዋል። ጌድ በትዕቢት ተነሳስቶ ከሙታን ዓለም ነፍስ ሊጠራ ሲሞክር ጥላ እንደለቀቀ፣ ጥላውም ሊያሳድደው እንደተነሳ ይነግራቸዋል። ያኔ እናት «እኔስ ምን አልኩ!» ይላሉ። ነገሩ በዚያው ይረግባል።

አሁን አሁን ማንበቡ ወደ መጻፍ እየወሰዳቸው ያሉ አሉ። ደብተር ላይ፣ ስልክ ላይ። የማውቀው አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ታሪክ ጀምሯል። ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ደረሳ፣ አንዱ የቆሎ ተማሪ። በቦርከና ወንዝ ዳር ይገናኙና መንገዱ አንድ ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ። ከሁለቱ አንዱ የሐይቁን ውኃ እውነተኛ ስም ያውቃል። ሦስት ምዕራፍ አንብቤለታለሁ፤ ጥሩ ነው። የውኃው ስም መጻፍ ያለበት ቦታ ላይ ግን ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ስሙን ጠየቅኩት። አልነገረኝም።