የአየርላንድ ክፉ ቀን፦ ስለ ረሃቡ በተሳሳተ መንገድ የምናወራው

እ.ኤ.አ. በ1845 የጀመረውን የአየርላንድ ረሃብ የገጠሩ ሰው በራሱ ቋንቋ «አን ድሮኽሂል» ይለዋል። «ክፉ ዘመን» እንደማለት ነው። እኛ በ1880ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የደረሰብንን «ክፉ ቀን» እንደምንለው መሆኑ ነው።

«ድንቹ ሲበሰብስ አገሩ ባዶ ሆነ» ይባላል። አልሆነም። በበሽታ የተመታው ድንቹ ነው። አጃውና ቅቤው በወደብ ይወጣ ነበር። ገበሬው እህሉን ለመሬት ኪራይ ይሸጣል፣ ራሱ ግን የሚበላው ድንች ነው። በ1847 ወደ አገሩ የገባው እህል ከወጣው በለጠ፤ ግን በምን ገንዘብ ይግዙት?

«ሰዉ ያለቀው በጠኔ ነው» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ከሞተው 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አብዛኛውን የጨረሰው ተስቦና ተቅማጥ ነበር። በሽታውን ፈርተው ጎጆውን በሬሳው ላይ ያፈረሱ ጎረቤቶች ታሪክ በየመንደሩ የሚነገረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሾርባው። «ሾርባ የጠጣ ሁሉ ሃይማኖቱን ሸጧል» ይባላል። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ካቶሊኩን በሾርባ አባብለዋል። ኩዌከሮች የሚባሉት የሌላ ክርስቲያን ማኅበር አባላት ግን ምንም ሳይጠይቁ ነው ያበሉት። በ1847 ሐምሌ ደግሞ አገሩን የሚገዛው የብሪታንያ መንግሥት ባቋቋማቸው ማብሰያዎች በቀን እስከ 3 ሚሊዮን ሰው ይመገብ ነበር። ሃይማኖትህ ምንድነው ያለ የለም። መንግሥትም በመከር ወራት ዘጋቸው። ስድቡ ግን ቀረ። «አያትህ ሾርባ ጠጥቷል» ማለት ለትውልድ የሚተርፍ ነውር ነበር። ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ የተራበ ሰው በልቶ መትረፉ ለልጅ ልጁ ስድብ ሲሆን።

«ሽማግሌዎቹ ሁሉን ያስታውሳሉ» የሚለውስ? በ1935 የተቋቋመው የአየርላንድ የአፈ ታሪክ ኮሚሽን በ1945 ስለ ረሃቡ መጠይቅ በትኖ ነበር። ከተሰበሰቡት ቃሎች ደጋግሞ የሚመጣው «እኛ ጋ ያን ያህል አልጸናም፣ እዚያ ማዶ ነው እንጂ» የሚል ነው። ውሸት ነው ብዬ አላልፈውም። የባሰባቸው ሞተዋል ወይም በመርከብ ሄደዋል። የሚያወራው የተረፈው ነው። ከተረፉትም መካከል የተባረረ ጎረቤቱን መሬት የያዘ ነበር። ስለዚህ ማን ደፍሮ ያወራዋል?

የመጨረሻው «የረሃብ ሣር» ነው። በረሃብ የሞተ ሰው በወደቀበት ሣር ላይ የረገጠ ድንገት ጠኔ ይጥለዋል ይላሉ። ተረት ነው ብሎ የሚስቅ ብዙ ነው። ምልክት የሌለው መቃብር በበዛበት አገር ግን መንገደኛው የት ላይ እንደሚረግጥ በምን ያውቃል? መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንዲት ቁራሽ ዳቦ በኪስ መያዝ።