የሞት ቅጣት በሚያስከትሉ ክሶች የተከላካይ ጠበቆች ልዩ ዕውቀትና ሥልጠና

የሞት ቅጣት ሊያስከትል በሚችል ክስ ለተከሳሽ መቆም ከሌላው የወንጀል ጥብቅና የተለየ ሙያ ነው። ጠበቃው ደንበኛው ድርጊቱን አለመፈጸሙን ለማስረዳት ከመዘጋጀቱ ጎን ለጎን፣ ጥፋተኛ ቢባል እንኳ በሕይወት እንዲቆይ የሚያበቃ ምክንያት ይዞ መቅረብ አለበት፤ ለዚህም በሕግ ትምህርት ቤት ብዙም የማይሰጥ የምርመራ፣ የሥነ ልቦና፣ የሕክምናና የሳይንሳዊ ማስረጃ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ሙያው ራሱን ችሎ በስፋት የተደራጀው በአሜሪካ ስለሆነ ይህ ዳሰሳ በዋናነት የዚያችን አገር ልምድ ይመለከታል። ዓመቶቹ በተለየ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው በአላባማ ግዛት ስኮትስቦሮ በተባለች ከተማ በ1931 የታየው ክስ ነው። በባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍረዋል ተብለው የተከሰሱ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ለፍርድ ሲቀርቡ፣ ችሎቱ እስከተጀመረበት ጠዋት ድረስ ኃላፊነቱን የወሰደላቸው ጠበቃ አልነበረም፤ ከዘጠኙ ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1932 ፍርዱን ሲሽር፣ በሞት በሚያስቀጣ ክስ ራሱን መከላከል ለማይችል ድኃ ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ የማቆም ግዴታ እንዳለበት፣ የቆመውም ጠበቃ ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ ማግኘት እንደሚገባው ወሰነ። ይሁን እንጂ ጠበቃ ማግኘት አንድ ነገር፣ ሥራውን የሚያውቅ ጠበቃ ማግኘት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ፍርድ ቤቶች ለመቀበል ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

የዛሬውን ሙያ የቀረጹት ከ1970ዎቹ የወጡ ውሳኔዎች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 በሥራ ላይ የነበሩትን የሞት ቅጣት ሕጎች ካስቆመ በኋላ በ1976 የተሻሻሉ ሕጎችን ሲቀበል፣ ክርክሩ በሁለት ምዕራፍ የሚካሄድበት ሥርዓት ጸና፤ በመጀመሪያው ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የሚመረጡት ፈራጆች፣ ስለ ጥፋተኝነቱ ይወስናሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ ስለ ቅጣቱ ብቻ ሌላ ማስረጃ ይሰማል። በዚያው ዓመት ለአንድ ዓይነት ወንጀል ሞትን ብቸኛ ቅጣት ያደረጉ ሕጎች ውድቅ ሆኑ። በ1978 ፍርድ ቤቱ ከተከሳሹ ጠባይ፣ ከኋላ ታሪኩና ከድርጊቱ ሁኔታ የሚመነጭ ማቅለያ ከፈራጆቹ ዓይን ሊሸሸግ እንደማይገባ አከለ። ከዚያ ወዲህ የተከሳሹን ሕይወት ከመሠረቱ መርምሮ ማቅረብ የጠበቃው ዋና ሥራ ሆነ።

የቅጣት ማቅለያ ምርመራ ጊዜ የሚበላና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። መርማሪዎቹ የተከሳሹን የልደት፣ የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት፣ የእስር ቤትና የወታደርነት መዛግብት ይሰበስባሉ፤ የወላጆቹንና የአያቶቹን ታሪክ ጭምር እየተከተሉ በቤተሰቡ ውስጥ የተላለፈ የአእምሮ ሕመም፣ የመጠጥ ሱስ፣ ድብደባና ረሀብ መኖሩን ያጣራሉ። ዘመዶችን፣ ጎረቤቶችንና መምህራንን በአካል፣ ለየብቻና በተደጋጋሚ ያነጋግራሉ። በልጅነቱ የተደፈረ ሰው ይህን በመጀመሪያው ቀን ለማያውቀው ጠበቃ አይነግርም፤ የበደለው የገዛ ዘመዱ ከሆነማ ቤተሰቡም ይሸሽገዋል። እንዲህ ያለውን ገመና ሳይጫኑና ሳይቸኩሉ ማውጣት መቻል በሥልጠናዎቹ ውስጥ ትልቁን ቦታ ቢይዝ ተገቢ ነው፤ አንደበተ ርቱዕነት ይህን ሊተካ አይችልም።

ይህ ሥራ ሲጓደል ምን እንደሚከተል የ2003ቱ የዊጊንስ ጉዳይ ያሳያል። በሜሪላንድ የሞት ፍርደኛ የነበረው ኬቪን ዊጊንስ በእናቱ ለረሀብና ለድብደባ ተዳርጎ፣ ተጠግቶ ባደገባቸው ቤቶችም በተደጋጋሚ ተደፍሮ ነበር፤ ጠበቆቹ ግን በእጃቸው የነበረው መዝገብ የሚጠቁመውን ፈለግ ስላልተከተሉ ጁሪው ከዚህ አንዱንም አልሰማም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሻረ። በ2005 በሮምፒላ ጉዳይም ዐቃቤ ሕግ እንደሚጠቀምበት የሚያውቁትን የቀድሞ የጥፋት መዝገብ ያልመረመሩ ጠበቆች ግዴታቸውን እንዳልተወጡ ተወስኗል።

በሁለቱም ውሳኔዎች መለኪያ ሆኖ የተጠቀሰው የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር መመሪያ ነው። በ1989 ወጥቶ በ2003 የተሻሻለው ይህ መመሪያ፣ አንድን የሞት ክስ ቢያንስ ሁለት ብቁ ጠበቆች፣ አንድ መርማሪና አንድ የቅጣት ማቅለያ ባለሙያ በቡድን እንዲይዙት ይጠይቃል፤ ከቡድኑ ቢያንስ አንዱ የአእምሮ ሕመምና ጉዳት ምልክቶችን ለይቶ ማወቅ የሚችል መሆን አለበት። ጠበቆቹ ከመመደባቸው በፊት ልዩ ሥልጠና እንዲወስዱ፣ ከዚያም በየጊዜው እንዲያድሱት ያዝዛል። በፌዴራል ክሶችም ከሁለቱ ጠበቆች ቢያንስ አንዱ የሞት ቅጣትን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል።

ጠበቃው ራሱ ሐኪም ወይም የጦር መሣሪያ መርማሪ መሆን አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን የትኛውን ልዩ አዋቂ መቼ መጥራት እንዳለበት፣ ምን መጠየቅ እንዳለበትና ገንዘቡን በየትኛው ሕግ እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት። የአንቶኒ ሬይ ሂንተን ታሪክ ለዚህ መራራ ምስክር ነው። በአላባማ በ1985 በሁለት የምግብ ቤት ሥራ አስኪያጆች ግድያ ሲከሰስ ዋናው ማስረጃ ጥይቶቹ ከእናቱ ቤት ከተገኘው ሽጉጥ ተተኩሰዋል የሚለው የመንግሥት መርማሪዎች ቃል ነበር። ጠበቃው ለልዩ አዋቂ ሊከፈል የሚችለው ከ1,000 ዶላር እንደማይበልጥ አምኖ፣ ብቃቱን ራሱም የተጠራጠረውን ሰው አቆመ፤ ሕጉ ግን ቀደም ብሎ ተሻሽሎ ተገቢ የሆነ ወጪን ሁሉ ይፈቅድ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ይህ ሕጉን አለማወቅ ከጠበቃ ከሚጠበቀው ደረጃ በታች መሆኑን ወሰነ፤ ሂንተን በሚያዝያ 2015 ከእስር የወጣው ወደ ሠላሳ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው። በቴክሳስ ደግሞ የዱዌን ባክ የገዛ ጠበቆች ያቀረቡት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ተከሳሹ ጥቁር መሆኑ ወደፊት አደገኛ የመሆን ዕድሉን እንደሚጨምር የሚገልጽ አስተያየት ለጁሪው ሰጥቷል፤ ቅጣቱ በ2017 ውድቅ እስኪሆን ድረስ ባክ ሞት እየጠበቀ ኖሯል።

ሥልጠናው የሚሰጥበት መንገድ ከተለመደው የንግግር ጉባኤ ይለያል። በየዩኒቨርሲቲው በሚካሄዱ የበርካታ ቀናት ኮርሶች ጠበቆች በእጃቸው ያለውን እውነተኛ ጉዳይ ይዘው ይመጣሉ፤ በትናንሽ ቡድኖች ተከፋፍለው ልምድ ካላቸው አሠልጣኞች ጋር የክሱን ፍሬ ነገር ይበትኑታል፤ የጥፋተኝነቱ ምዕራፍ መከራከሪያ ከቅጣቱ ምዕራፍ መከራከሪያ ጋር እንዳይጋጭ አድርገው መልሰው ይገነቡታል። የጁሪ መረጣ ለብቻው ሰፊ ጊዜ ይወስዳል፤ ምክንያቱም የሞት ቅጣትን ፈጽሞ የሚቃወሙ ሰዎች ከጁሪው ሊገለሉ ይችላሉ፣ በ1992 በተሰጠ ውሳኔ ደግሞ ተከላካዩ ነፍሰ ገዳይን ሁሉ ያለማመንታት ሞት የሚፈርድ ሰው እንዳይቀመጥ የመጠየቅ መብት አለው። የኮሎራዶ ዘዴ የሚባለው አሠራር እጩዎቹን ስለ ሞት ቅጣት ባላቸው አቋም ከ1 እስከ 7 ይመድባል፤ ለሕይወት የሚያደላ አንድ ፈራጅ በሌሎቹ ግፊት ሳይሸነፍ በውሳኔው እንዲጸና የሚረዱ ጥያቄዎችንም ያስተምራል። ከደንበኛ ጋር መተማመንን መገንባትም የሥልጠናው አካል ነው። በሉዊዚያና አንድ ጠበቃ ንጹሕ ነኝ የሚል ደንበኛውን ሕይወት ለማትረፍ በማሰብ ጥፋቱን አምኖለት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ይህ ውሳኔ የደንበኛው እንጂ የጠበቃው አይደለም ብሏል።

ዝግጅቱ ውጤት እንዳለው የሚያሳይ መረጃ አለ። በፊላደልፊያ ከግድያ ክሶች አንድ አምስተኛ ያህሉ በዕጣ መሰል ድልድል በቡድን ለሚሠራው የተከላካዮች ቢሮ፣ ሌሎቹ በፍርድ ቤት ለሚሾሙ የግል ጠበቆች ይሰጡ ነበር። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው በቢሮው የተወከሉት ተከሳሾች በግድያ ጥፋተኛ የመባል ዕድላቸው በ19 በመቶ፣ ዕድሜ ልክ የመታሰር ዕድላቸው ደግሞ በ62 በመቶ ያነሰ ነበር። በቨርጂኒያም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሞት ክሶች ላይ ብቻ የሚሠሩ የተከላካይ ቢሮዎች ከተቋቋሙ በኋላ የሞት ፍርድ እየተመናመነ ሄዶ ከ2011 ወዲህ አዲስ ፍርድ አልተሰጠም፤ ግዛቷም በ2021 ቅጣቱን ሰረዘች። በአንጻሩ የሞት ፍርደኞችን በክለሳ አቤቱታ ይረዱ የነበሩ ማዕከላት በ1990ዎቹ አጋማሽ የፌዴራል ድጎማቸውን ሲያጡ፣ በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤት አቤቱታ ለማቅረብ የአንድ ዓመት ገደብ ጣለ። እጅግ የሠለጠነ ሰው በሚያስፈልግበት ሰዓት ድጋፉም ጊዜውም አጠረ።

ልምዱ ወደ አፍሪካም ዘልቋል። በማላዊ ሞትን አስገዳጅ ያደረገው ሕግ በ2007 ከተሻረ በኋላ፣ ከ2015 ጀምሮ የሞት ፍርደኞች ቅጣት እንደገና እንዲታይ ተደርጓል። የሕግ ረዳቶች በየመንደሩ እየዞሩ ስለ እያንዳንዱ እስረኛ ዘመድና ጎረቤት ጠየቁ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ተለቀቁ፣ በድጋሚ ሞት የተፈረደበት አልነበረም። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲም ከአፍሪካ የሚመጡ ተከላካይ ጠበቆችን በዚህ ሙያ ለማሠልጠን በ2017 ተቋም ከፍቷል።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመው በ2007 ቢሆንም ቅጣቱ በሕግ አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 የሞት ፍርድ የሚሰጠው ከባድ ወንጀል በተፈጸመ ጊዜና ወንጀለኛው በተለይ አደገኛ ሲሆን፣ ቅጣቱን የሚያቃልል ምክንያትም በማይኖርበት ጊዜ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ በሚገባ የተረጋገጠ ማቅለያ የሰውን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱም ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ስለ ቅጣቱ አስተያየት የሚሰጡበትን ደረጃ ይዟል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዝዛል። ለዚህ ደረጃ የሚቀርበው ማስረጃ ከክሱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ካልተሰበሰበ ግን በኋላ ተሯሩጦ የሚገኝ አይደለም፤ የትውልድ ቀየውን ዘመዶች፣ የጤና ጣቢያውን ካርድና የትምህርት ቤቱን መዝገብ ፈልጎ ማምጣት የተመደበ ሰውና ገንዘብ ይጠይቃል።

በሳዑዲ ዓረቢያ የሞት ፍርድ ለሚጠብቃቸው ኢትዮጵያውያን የሚያስፈልገው ዕውቀት በከፊል ሌላ ነው። በዚያ አገር በግድያ ጉዳይ የሟች ቤተሰብ ይቅርታ ወይም የደም ካሳ መቀበል ቅጣቱን ሊያስቀር ይችላል፤ በአደንዛዥ ዕፅ ክስ ግን ይህ መንገድ ስለሌለ ተከሳሹ በቋንቋው የሚያስረዳው አስተርጓሚና ከመጀመሪያው ምርመራ ጀምሮ የሚቆምለት ጠበቃ ያስፈልገዋል። ሜክሲኮ ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ የሞት ክስ ለሚቀርብባቸው ዜጎቿ ሁሉ ልዩ ጠበቆችን እየቀጠረች በቆንስላዎቿ አማካይነት ታግዛለች፤ የልደትና የሕክምና መዛግብትን ከመንደራቸው ድረስ ፈልጎ የሚያመጣላቸውም ይኸው አሠራር ነው።