አሮጌ ፍላሽ አዲሱን ሃርድ ዲስክ ያዘገየዋል?

ባሕር ዳር ቪዲዮ ቤት የምንሠራ ልጆች በዚህ ጉዳይ ደጋግመን ስለምንከራከር አንዴ ልጻፈው። ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ባለበት ማከፋፈያ (አንዱን የኮምፒውተር መሰኪያ ለብዙ ዕቃ የሚያካፍለው ሃብ) ላይ አሮጌ ዩኤስቢ 2 ፍላሽ ብንሰካ፣ ሁሉም ወደ አሮጌው ፍጥነት ይወርዳል ወይ?

ማከፋፈያው ዩኤስቢ 3 ከሆነ አይወርድም። በዩኤስቢ 3 ገመድ ውስጥ የድሮዎቹ ሽቦዎች አሉ፤ ለአዲሱ ፍጥነት ደግሞ ሌሎች ተጨምረዋል። የዓባይን ድልድይ አስቡት። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ነው የተሠራው። አሮጌው ላይ አይሱዙ ቢንቀራፈፍ በአዲሱ የሚያልፈውን አያግደውም። ፍላሹ በራሱ መንገድ በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት፣ ዲስኩም በራሱ እስከ 5 ጊጋቢት ይሄዳል።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ግን ከዲስኩ ወደ ፍላሹ ስንገለብጥ ነው። ያኔ ሥራው በፍላሹ አቅም ይጎተታል። ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም፣ ተቀባዩ ቀርፋፋ ሆኖ ነው።

ማከፋፈያው ራሱ ዩኤስቢ 2 ከሆነስ? መንገዱ አንድ ብቻ ነው። አዲሱ ዲስክም 480ው ውስጥ ይገባል፣ እሱንም ከፍላሹ ጋር ይካፈላል። 8 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ በፈጣኑ መንገድ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ከፈጀ፣ እዚህ ከአራት ደቂቃ በላይ ያስጠብቃል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ይህ ቀላል አይደለም።

ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ብዙ ዩኤስቢ 3 መሰኪያ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም።