«ሲአይኤፍ ጅቡቲ» ምንድን ነው?

ገላን የእንጨት ሥራ ቤት ያላት ጎረቤቴ ከቻይና የመላጊያ ማሽን ልታስመጣ ነው። ቡና ልጠጣ ጎራ ስል ፕሮፎርማውን አሳየችኝ። ከዋጋው ጎን «ሲአይኤፍ ጅቡቲ» ይላል።

«እስከ ጅቡቲ ኃላፊነቱ የእነሱ ነው ማለት ነው፣ አይደል?»

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚችው ላይ ነው።

ሲአይኤፍ ማለት ዋጋ፣ ኢንሹራንስና የመርከብ ማጓጓዣ ነው። ኢንኮተርምስ ከሚባሉት 11 የንግድ ውሎች አንዱ ነው። ደንቡን የሚያወጣው ፓሪስ ያለው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ1936፣ የቅርቡ ለ2020 የወጣ ነው፤ ሁለቱም በፈረንጆቹ።

ጆሮዋ ላይ የሰካችውን እርሳስ ተቀብዬ ቁራጭ ጣውላ ላይ መስመር አሰመርኩ። ግራ ጫፉ ማሽኑ የሚጫንበት የቻይናው ወደብ ኒንግቦ፣ መሃሉ ጅቡቲ፣ ቀኙ ገላን። ሻጩ ማጓጓዣውን የሚከፍለው እስከ ጅቡቲ ነው። ስጋቱ ግን ኒንግቦ ላይ ዕቃው መርከብ ላይ እንደተጫነ ወደ ገዢው ይዞራል። ባሕር ላይ የሆነ ነገር ቢፈጠር ሻጩ የለበትም፤ ኢንሹራንሱን ተከራክራ የምትቀበለው እሷ ናት።

ያ ኢንሹራንስ ደግሞ ስስ ነው። የገንዘቡ መጠን ቢያንስ የውሉ ዋጋ 110 በመቶ ነው፤ እሱስ ደህና። ሽፋኑ ግን ዝቅተኛው ቢሆንም ደንቡ ይፈቅዳል። መርከቡ ቢሰምጥ፣ ቢጋጭ፣ ቢቃጠል ይከፍላል። ስርቆትን አይሸፍንም። የባሕር ውሃ ገብቶ ሞተሩን ቢያዝገውም ያው ነው። የተሻለ ከተፈለገ ቀድሞ ውሉ ላይ ማስጻፍ ነው።

ከጅቡቲ ወዲህ ያለው ሁሉ የእሷ ነው። መኪናው ወይም ባቡሩ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ቀረጡ፣ ትራንዚተሩ። የባቡሩ መስመር ብቻ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ጋ ሳቋ ጠፋ።

«ኤፍኦቢስ?» አለችኝ። ኤፍኦቢ ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ብቻ ወጪውን የሚችልበት ሌላው ውል ነው። የሚገርመው፣ በ«ኤፍኦቢ ኒንግቦ» ስጋቱ የሚዞረው እዚያው ነጥብ ላይ ነው። ልዩነቱ መርከቡንና ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ መቀናነስ ነው። ልዩነቱ ሻጩ ለማጓጓዣና ለኢንሹራንስ የጠየቀው ሂሳብ ነው።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ስልኳን አንስታ ለሻጩ ጻፈች፦ ኤፍኦቢውንም ላክልኝ።