አይሁድና የእንግሊዝ ነገሥታት፦ የሚወራውና የሆነው

ስለ መካከለኛው ዘመን አይሁድ ወሬ ሲነሳ ደጋግመው የሚመጡ አባባሎች አሉ። ስሰማቸው ዝም ማለት ያቅተኛል። እዚህ እንግሊዝን ብቻ ልያዝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«አራጣ ማበደር ተፈጥሯቸው ነው»

ተፈጥሮ ሳይሆን የቀረላቸው በር ነው። አይሁድ እንግሊዝ ገብተው የሰፈሩት ከ1066 በኋላ፣ ከኖርማንዲ መጥተው ነው። ርስት መያዝ ከበዳቸው፤ የባለሙያ ማኅበራቱም የክርስቲያን ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክርስቲያን በወለድ እንዳያበድር ትከለክላለች። ብድር ግን ባላባቱም ገዳሙም ይፈልጋል። ስለዚህ ማበደሩ ለአይሁድ ቀረ፤ ያም ሆኖ ከአይሁድ መሃል ድሃው ብዙ ነበር። እኛ አገር የሆነውን የሚያውቅ በር ሲዘጋ ሰው በቀረለት ሥራ መግባቱ አይገርመውም። ቤተ እስራኤል ርስት ሲነፈጉ ወደ ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሥራ ገቡ፤ ከዚያ በያዙት ሙያ «ቡዳ» ተባሉ።

«ንጉሡ ስለሚወዳቸው ይጠብቃቸው ነበር»

መጠበቁንስ ጠብቋል፤ ሰው ከብቱን እንደሚጠብቅ። አይሁዳዊው ራሱም፣ ያለው ንብረት ሁሉም የንጉሡ ነው ይባል ነበር። በፈለገ ጊዜ ከባድ ግብር ይጥልባቸዋል። አሮን የሚባለው የሊንከን ከተማ ባለጸጋ አይሁዳዊ አበዳሪ በ1186 ሲሞት ሀብቱን ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ወረሰው። ሰዎች ለአሮን ያለባቸው ዕዳ ከመብዛቱ የተነሣ እሱን ብቻ የሚሰበስብ ክፍል ተቋቋመ። ወለዱ ዞሮ ዞሮ ንጉሡ ካዝና ይገባል፤ ጥላቻው ግን አበዳሪው ላይ ይቀራል። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው።

«ጭፍጨፋው የሃይማኖት ቁጣ ብቻ ነበር»

ማርች 1190፣ ዮርክ ከተማ። ወደ 150 የሚሆኑ አይሁድ ልጆቻቸውን ይዘው የንጉሡ ግንብ ውስጥ ተጠለሉ። ሕዝብ ከበባቸው። ብዙዎቹ በጠላት እጅ ከመውደቅ ብለው ራሳቸውን ገደሉ። እንጠመቃለን ብለው የወጡትም አልተረፉም። ገዳዮቹ ከዚያ በቀጥታ ወደ ካቴድራሉ ሄዱ። የዕዳ ሰነዶቹ የሚቀመጡት እዚያ ነበራ! አውጥተው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አቃጠሏቸው። ከቀስቃሾቹ መሃል ለአይሁድ ባለዕዳ የሆኑ መኳንንት ነበሩበት። በ1194 የወጣው ደንብ ደግሞ የዕዳ ውል ቅጂ በመንግሥት ሣጥን ተቆልፎ እንዲቀመጥ አዘዘ። ሰነዱ ዘበኛ አገኘ።

«የሕፃን ደም ይፈልጉ ነበር»

ውሸት ነው። በ1144 ኖርዊች በሚባል የእንግሊዝ ከተማ አንድ ልጅ ሞቶ ተገኘ፤ አይሁድ ልጅ ይገድላሉ የሚለው ወሬ ከዚያ ተነሥቶ አውሮፓን አዳረሰ። የሮማው ፖፕ ኢኖሰንት 4ኛ በ1247 ክሱን አወገዘ። ይህም ሆኖ በ1255 ሄንሪ 3ኛ ሊንከን ላይ በተነሣ ተመሳሳይ ክስ 19 አይሁድ አሰቀለ።

«የተባረሩት አራጣ አልተው ብለው ነው»

አራጣውን ኤድዋርድ 1ኛ ራሱ በ1275 በሕግ ከልክሎታል። በምትኩ ሌላ መተዳደሪያ ያገኙት ጥቂት ናቸው። በዚያ ላይ ለዓመታት በግብር ተመጥምጠው ለንጉሡ የሚሰጡት አልቆባቸው ነበር። ንጉሡ ከፓርላማ ትልቅ ግብር ፈለገ፤ አይሁድን ማባረሩም ያን ግብር ለማግኘት ረዳው። አዋጁ ጁላይ 18 ቀን 1290 ወጣ፤ እስከ ኖቬምበር 1 ለቀው እንዲወጡ ተባለ። የወጡት ከ2,000 እስከ 3,000 ይገመታሉ። ቤታቸውንና ያልተከፈላቸውን ዕዳ ንጉሡ ወሰደው።