ፍሪትዝ ፖላርድና «በ1946 ነው የገቡት» ባዮች

የአሜሪካ ፉትቦል በተነሳ ቁጥር «ጥቁሮች ኤንኤፍኤል (የዚህ ስፖርት ዋናው የአሜሪካ ሊግ) የገቡት በ1946 ነው» የሚል አይጠፋም። ማስተካከሉ ሰልችቶኛል፤ ግን ሲደጋገም እውነት እየመሰለ ስለሄደ ዝም ማለትም አልሆነልኝም። መልሱ ያለው በኦሃዮዋ የጎማ ፋብሪካ ከተማ በአክሮን፣ አክሮን ፕሮስ በተባለው ቡድን ታሪክ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ትንንሾቹን ስህተቶች ላጽዳ።

«አክሮን የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል በልቷል።» ሱፐር ቦውል የሚባለው የፍጻሜ ጨዋታ የተጀመረው በጃንዋሪ 1967 ነው። ሌላ ምን ልበል?

«ሊጉ ከመነሻው ኤንኤፍኤል ነበር።» ይህ ስም የወጣለት በ1922 ነው። ሊጉ የተመሠረተው በሴፕቴምበር 1920፣ ካንተን ከተማ፣ ራልፍ ሄይ ሃፕሞቢል የሚባለውን መኪና ይሸጥበት በነበረው ቤት ነው።

«አክሮን የ1920ን ዋንጫ በድምፅ እንጂ በሜዳ አላገኘም።» ድምፅ መሰጠቱ እውነት ነው። የፍጻሜ ጨዋታ ስላልነበረ የቡድን ተወካዮች በኤፕሪል 1921 ተሰብስበው ወሰኑ። በምን ተመሥርተው? አክሮን 8 ጊዜ አሸንፎ፣ 3 ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ አንዴም አልተሸነፈም፤ ዓመቱን ሙሉ የተቆጠረበት 7 ነጥብ ብቻ ነው። የዛሬው ቺካጎ ቤርስ፣ የያኔው ዲካተር ስቴሊስ፣ በመጨረሻው ጨዋታ ከአክሮን ጋር 0 ለ 0 ተለያይቶ «ሻምፒዮኑ እኔ ነኝ» ይል ነበር፤ አንድ ሽንፈት ይዞ!

አሁን ወደ ዋናው። በዚያ ባልተሸነፈው ቡድን ውስጥ ኮከቡ ጥቁር ነበር፦ ፍሪትዝ ፖላርድ። ብቻውንም አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ሌላው ጥቁር ቦቢ ማርሻል ለሮክ አይላንድ ቡድን ይጫወት ነበር። በ1921 ፖላርድ ከኤልጂ ቶቢን ጋር የአክሮን አሰልጣኝ ሆነ፤ ታዋቂው ዘፋኝ ፖል ሮብሰንም ገና የሕግ ተማሪ ሳለ የዚሁ ቡድን ተጫዋች ነበር።

ተመችቶት ነበር ማለቴ አይደለም። ፖላርድ ራሱ እንደተናገረው ለጨዋታ የሚለብሰው በቡድኑ ባለቤት በፍራንክ ኒድ የሲጋራ ቤት ነበር፤ ከዚያ መኪና ተልኮለት ሜዳ ይሄዳል። ኳስ ይዞ ሲወድቅ ሆን ብለው ሊከመሩበት ስለሚመጡ ወዲያው በጀርባው ተገልብጦ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ያሽከረክራል። ወደ ላይ በዞረ ታኬታ ላይ ማን ይዘላል?

ታዲያ 1946 ከየት መጣ? ከ1933 በኋላ በሩ ተዘጋ። የተጻፈ ደንብ አልነበረም፤ ግን ከ1934 እስከ 1945 አንድም ጥቁር ተጫዋች አልተሰለፈም። በ1946 ሎስ አንጀለስ ራምስ ኬኒ ዋሽንግተንንና ዉዲ ስትሮድን ያስፈረመው፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራውን ኮሊሲየም የተባለ ስታዲየም ለመጠቀም ሲል ግፊት ስለበረታበት ነው። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የዋሽንግተን ከተማ ቡድን ከሁሉም ቡድኖች መጨረሻ ሆኖ ጥቁር ያሰለፈው በ1962 ነው። «በ1946 ገቡ» ስንል እነዚያን 12 ዓመታት ያስወጣቸውን ሰው ሁሉ ነጻ እንለቃለን። ገብተው ነበር፣ ተባረሩ፣ ተመለሱ።

የእህቴ ልጅ ለጥቁሮች ታሪክ ወር በሠራው ፖስተር ላይ ከኬኒ ዋሽንግተን ሥር «የመጀመሪያው» ብሎ ጽፎ አገኘሁት። መምህሩም አርሞ ሙሉ ማርክ ሰጥቶታል። እናትና አባቶች፣ ፌብሯሪ ሲመጣ የልጆቻችሁን ሥራ እዩ፤ «የመጀመሪያው» የሚል ካገኛችሁ «ከመቼ ወዲህ?» በሏቸው። አርት ሼል በ1989 አሰልጣኝ ሆኖ «የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ «በዘመናዊው ሊግ» የምትለዋ ቅጥያ በወሬ መሀል ትወድቅና ፖላርድ አብሯት ይጠፋል። ፖላርድን የካንተኑ የፉትቦል የዝና አዳራሽ የተቀበለው በ2005 ነው፤ ከሞተ በ19 ዓመቱ።