ሕፃን ወታደር ምንድን ነው? መሣሪያ ያልያዙትስ?

ባሕር ማዶ በጦርነት ውስጥ ያሉ ልጆችን ለመርዳት የሚንቀሳቀሱ የተማሪ ክበባት በሚለጥፏቸው ፖስተሮች ላይ አንድ ሥዕል አይጠፋም፤ ቁመቱን የሚያህል ክላሽ ያነገተ ወንድ ልጅ ነው። ሥዕሉን ለዓመታት ታግሼዋለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ መሣሪያ ያልታጠቀ ልጅ ሕፃን ወታደር ሊባል እንደማይችል፣ ምግብ ያበሰለችውንና ዕቃ የተሸከመውን መደመርም የተማሪዎች ማጋነን እንደሆነ በልበ ሙሉነት ሲጽፍ፣ ያ ሥዕል ምን እንዳስተማረ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጉዳዩ የአመለካከት ጉዳይ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጡት፣ የፓሪስ መርሆዎች የተባሉት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች እንደሚሉት፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ በመንግሥት ጦር ወይም በታጣቂ ቡድን የተመለመለ ወይም በማናቸውም አገልግሎት የተሰማራ ልጅ ሁሉ በትርጉሙ ውስጥ ይካተታል፤ ተዋጊው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ተሸካሚው፣ መልእክተኛው፣ ሰላዩ፣ ለወሲብ ባርነት የተወሰደችውም ልጅ ጭምር።

ታጣቂ ቡድን በጫካ እንዴት እንደሚኖር ለማያውቅ ሰው የሰርግ ድግስን ማሰብ ይረዳዋል። ከዳሱ በር ቆሞ ለሚያይ ሰው ሰርጉ ማለት ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ናቸው፤ ጓዳ የገባ ግን ሽንኩርት የሚልጥ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ውኃ የሚቀዳና የሚላላክ ባይኖር ድግሱ አንድ ቀን እንደማይውል ያውቃል። ታዲያ ሰርጉ አልፎ የደከሙት ይሸለሙ ሲባል፣ ሽልማቱ ከሙሽራው ጎን ፎቶ ለተነሡት ብቻ ቢታደል ጓዳ ያሉት ምን ይላሉ? ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል፤ ከዚህ በላይ ግን አይሄድም፤ ምክንያቱም ወደ ሰርግ የሚኬደው ተጠርቶ ሲሆን፣ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ታፍነው የተወሰዱ ናቸው፤ ከሰርግ ቤት ጓዳ ሹልክ ብሎ የወጣንም ማንም አይገድለውም።

የሽልማቱ ነገር በሴራሊዮን በእርግጥ ደርሷል። ጦርነቱ ሲያበቃ በተካሄደው ትጥቅ የማስፈታትና የመልሶ ማቋቋም መርሐ ግብር፣ በወረቀት ላይ ልጆች መሣሪያ እንዲያስረክቡ አይጠየቁም ነበር። በተግባር ግን በምዝገባው ቦታ ጠመንጃ እንዲያቀባብሉና እንዲያጎርሱ የተጠየቁ ነበሩ፤ ዓመታትን ምግብ ስታበስልና የአዛዥ «ሚስት» ተብላ ስትኖር የቆየች ልጅ ይህን ፈተና ከየት አምጥታ ታልፋለች? ተመዝግበው ከተሰናበቱት ልጆች መካከል ሴቶቹ ከአሥር አንድ እንኳ አልሞሉም። የቀሩት ድጋፍ ሳያገኙ፣ ብዙዎቹም ልጅ አዝለው፣ በራሳቸው መንገድ ወደየመንደራቸው ተበተኑ። አስተያየት ሰጪው የሚመኘው ጠባብ ትርጉም ሥራ ላይ ሲውል ውጤቱ ይህን ይመስላል።

ተማሪዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም፤ ወቀሳው ግን አጋነኑ የሚል አይደለም። ኢንቪዚብል ችልድረን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያንቀሳቀሳቸው ወጣቶች በኤፕሪል 2006፣ የሰሜን ዩጋንዳ ልጆች በአማፂው በጆሴፍ ኮኒ ቡድን እንዳይታፈኑ ማታ ማታ በእግራቸው ወደ ጉሉና ወደ ሌሎች ከተሞች እየሄዱ ማደራቸውን ለማሳየት፣ ከመቶ በላይ በሆኑ ከተሞች ደጅ አደሩ። ግፊታቸው በሜይ 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙትን፣ ይህን ቡድን ትጥቅ የማስፈታት ሕግ ለማስወጣት ረድቷል። ይህን የሚንቅ ሰው የምክር ቤት አባላትን ደጅ ጠንቶ አያውቅም ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው በማርች 5 ቀን 2012 በተለቀቀውና በስድስት ቀናት ውስጥ 100 ሚሊዮን ጊዜ በታየው «ኮኒ 2012» በተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ ጆሴፍ ኮኒን በወታደራዊ ኃይል አስይዞ ልጆቹን ማዳን እንደሚቻል ሰበከ። ነገር ግን የኮኒ ሠራዊት፣ ማለትም ሎርድስ ሬዚስታንስ አርሚ፣ በአመዛኙ የተገነባው ከታፈኑ ልጆች ነው፤ ስለዚህ በጦሩ ላይ የሚወርደው ጥይት የሚያገኘው እነዚያኑ ልጆች ነው። በዲሴምበር 2008 የዩጋንዳ ጦር በኮንጎ ጋራምባ ደን የሰፈረውን ቡድን ሲደበድብ ኮኒ አመለጠ፤ ቡድኑም በገና ሰሞን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎችን ፈጅቶ ተጨማሪ ልጆችን አፈነ። ያው ድርጅት በሬዲዮና በበራሪ ወረቀት «ወደ ቤታችሁ ተመለሱ» እያለ የሠራው ሥራ፣ ወሬው ባይሰማም፣ ከፊልሙ ይልቅ ለፓሪስ መርሆዎቹ ትርጉም የታመነ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ፊልሙ በወጣ በዘጠነኛው ቀን ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ልጆችን በመመልመልና በውጊያ በማሳተፍ በተከሰሰው በኮንጎው የታጣቂ መሪ በቶማስ ሉባንጋ ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሰጠ። ችሎቱ አንድ ልጅ በውጊያ «በንቃት ተሳትፏል» ለማለት መተኮሱን አልጠየቀም፤ ዋናው መመዘኛ የሰጠው አገልግሎት ዒላማ ሊሆን ለሚችልበት እውነተኛ አደጋ አጋልጦታል ወይ የሚል ነበር። ስንቱ የተማሪ ክበብ ይህን ውሳኔ እንዳነበበ እንጃ።

ልጅ ነበር ማለትም ከተጠያቂነት ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ዶሚኒክ ኦንግዌን ገና ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በኮኒ ቡድን የታፈነ ነው፤ አድጎ አዛዥ ከሆነ በኋላ ለፈጸመው በ2021 በ61 ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ከክሶቹ አንዱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መመልመል ነበር።

ከ15 ዓመት በታች ማለቴን ልብ ይሏል። የፍርድ ቤቱ መቋቋሚያ ስምምነት የጦር ወንጀል የሚያደርገው ከዚህ ዕድሜ በታች ያሉትን መመልመልንና በውጊያ ማሳተፍን ብቻ ነው፤ ከ2002 ጀምሮ የጸናው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ታጣቂ ቡድኖችን ከ18 ዓመት በታች እንዳይመለምሉ ሲከለክል፣ መንግሥታት ግን 16 ዓመት የሞላቸውን በፈቃደኝነት እንዲመዘግቡ ይተዋል። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት አካባቢ ዕድሜን መለየቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አቤቱታ የሚያረቅቅ ክበብ «ሕፃን ወታደር» ብሎ ሲጽፍ ከእነዚህ ደንቦች የትኛውን እንደሚጠቅስ ለይቶ ያስፍር፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው የሕግ ባለሙያ አንቀጹን ጠይቆ ይመልሰዋል።